መመለሻው የሚያጥር በረራ

አባቴ እምቢ ካለ እምቢ ነው። መጋረጃውን ከአስመጪ ከምንቀበል ራሴ ጓንዡ ሄጄ ላምጣ ስለው፣ ሲኒማ ራስ አጠገብ ባለችው ሱቃችን ደንበኞች ፊት «እኔ በቁሜ እያለሁ ቻይና የሚባል አገር አትሄጂም» አለኝ። እኔም የማን ልጅ ነኝ፤ በማግስቱ ቲኬቴን ቆርጬ መጣሁ።

ግን ቲኬት ብቻውን አያስኬድም። እኛ ቤት አባት ሳይመርቅ እንኳን ቻይና ቡታጅራም አይኬድም። ያለ ምርቃት ሄጄ ገበያው ቢጠምብኝ፣ ዕድሜ ልኬን «ሳልመረቅ ብሄድ ነው» ስል መኖሬ ነው። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ስለማመጠው ከረምኩ። ምሳውን አቀርባለሁ፣ በልቶ ወደ ደንበኛው ይዞራል። አናደደኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ራሱ ጀመረው። «ለመሆኑ ምን ያህል ይርቃል?»

ስልኬን ከፍቼ አየሁና ነገርኩት። ከቦሌ ጓንዡ ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አሥራ አንድ ሰዓት በረራ። ምነው ባልነገርኩት። እሱ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መርካቶ የገባው በእግሩ ነውና ኪሎ ሜትር ሲባል ጉልበቱን ያመዋል።

«እና እኔ አንድ ነገር ብሆን መቼ ትደርሺልኛለሽ?» አለ።

ለካ ቁጣ አልነበረም፣ ፍርሃት ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ያለነው እኔና እሱ ብቻ ነን።

ከጎናችን ክርና የልብስ ቁልፍ የሚሸጡት የወሎ ሰው፣ የአባቴ የረጅም ዘመን ወዳጅ፣ ሰምተው ኖሮ መጡ። «እስቲ ቲኬቱን አሳዪኝ» አሉና መነጽራቸውን ጠርገው አነበቡ።

«መሄጃው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ተነስቶ በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚገባው። እውነትም ሩቅ ነው። መመለሻው ግን እኩለ ሌሊት ተነስቶ ንጋት አሥራ ሁለት ላይ ቦሌ ነው። ወላሂ፣ ስድስት ሰዓት። መሄዱ እንጂ መምጣቱማ ቅርብ ነው፤ ምን ያስጨንቅሃል?»

ሳቄ መጣ። ቻይና በአምስት ሰዓት ትቀድመናለች፤ ቲኬቱ የሚጽፈው የየአገሩን ሰዓት ነው እንጂ መንገዱስ ወዲያም ወዲህም ያው ነው። ይህንኑ ልናገር ስል አባቴ ከወንበሩ ተነሳ።

«ስድስት ሰዓት ከሆነማ ለመስቀል አገር ቤት ደርሶ እንደመምጣት ነው» አለ። አንገቴን ደፋሁለት፤ እጁን ራሴ ላይ ጭኖ መረቀኝ። «በሰላም ወጥተሽ በሰላም ግቢ። የነካሽው ይባረክ። ክፉ አይይሽ።» ወዳጁ አሚን ይላሉ።

ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ። ግን በተሳሳተ ሂሳብ የተገኘ ምርቃት ነውና ቆረቆረኝ። ሱቁን ዘግተን ወደ ታክሲ ስንሄድ አላስችል አለኝ።

«አባዬ፣ መመለሻውም አሥራ አንድ ሰዓት ነው። እዚያና እዚህ ሰዓቱ ስለሚለያይ ነው ያጠረ የመሰለው።»

«አውቃለሁ» አለ። «ስንት ዘመን ሬዲዮ የሰማሁ ሰው፣ እዚህ ሳይነጋ እዚያ እንደሚረፍድ ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«በሰው ፊት አትሄጂም ብያለሁ፤ በሰው ፊት ከቃሌ የምመለስበት ሰበብ አጥቼ ነበር። ወዳጄ ነው ያመጣልኝ።» ክንዴን ያዝ አድርጎ መንገዱን አሻገረኝ። «በልቤማ ቲኬቱን የቆረጥሽ ዕለት መርቄሻለሁ፤ አፌ ነው የዘገየው።»