የግራው ክዳንና የቀኙ ክዳን

ያን ዓርብ ከሰዓት፣ ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ጋራዥ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። ዋናው መካኒክ ነበሩ፤ ሙያውን ከአባታቸው እጅ የተማሩ ሰው። የመኪናዋ ባለቤት ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ባዶ ጄሪካን ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ነበር፤ ሊያገባ የደረሰ፣ ስልኩን ከኪሱ እያወጣ የሚመልስ። እኔም ነበርኩ፤ የመካኒኩ ረዳት።

መኪናዋ በዕድሜ የምትበልጠኝ ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ናት። ከወር በፊት ለልጁ ሚስት የሚጠይቁ ሽማግሌዎች አሳፍራ ወደ ሀገረ ሰላም ስትወጣ ዳገቱ መሀል ላይ ቆመች። ሽማግሌዎቹ ከነነጭ ልብሳቸው ወርደው ገፏት። ሲደርሱ መሽቶ ነበር፤ የልጅቷ ቤተሰብም «በሌላ ቀን ኑ» ብሎ መለሳቸው። ሁለተኛው ቀጠሮ ጋራዥ ውስጥ በነበርንበት ዓርብ ማግስት፣ ቅዳሜ ነበር።

ሞተሩ ደህና ነው። ችግሩ የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው የዲፈረንሻሉ ጥርስ ለሜዳ የተሠራ መሆኑ ላይ ነው። ትልቁ ጥርስ ኮሮና፣ ትንሹ ፒኞን ይባላል። የእሷ ጥርሶች ብዛት አርባ አንድና አሥር ነበር፤ ልንቀይርላት ከፈረሰች መኪና ያገኘነው ሠላሳ ዘጠኝና ስምንት። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። ጎማው አንዴ ሲዞር ፒኞኑ አራት ጊዜ ያህል ይዞር የነበረው አሁን አምስት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ፍጥነት ይቀንሳል፣ ጉልበት ይጨምራል። ይህን ያወቅሁት ሽፋኑ ከተገነጠለ የጥገና መጽሐፍ ነው። መካኒኩ ለዚህ ነው «ፕሮፌሰር» የሚሉኝ።

ኮሮናውን የሚሸከሙት ሁለት ኩሽኔታዎች በሁለት የብረት ክዳኖች ይታሰራሉ። ክዳኖቹ ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው፤ ግን እያንዳንዱ የተሞረደው ከገዛ መቀመጫው ጋር ነው። የግራው ቀኝ ከገባ ኮሮናው ተጣሞ ይቀመጣል፤ ጭነት ሲከብደው፣ ማለትም ዳገት ላይ፣ ጥርሱ ይረግፋል። ስለዚህ መካኒኩ ከመፍታታቸው በፊት በግራው ክዳን ላይ በጠመኔ አንድ መስመር አሰመሩ። እንደሌሎቹ መካኒኮች በመዶሻ ምልክት አይመቱም፤ «ብረት አይቆስልም ያለህ ማነው?» ይላሉ።

እኔ ደግሞ ቆሻሻ አልወድም። ክዳኖቹን በናፍጣ አጠብኩ፣ በንጹሕ ጨርቅ ወለወልኩ፣ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። መስመሩ የለም። ጨርቁን አየሁት፤ ነጭ ነገር እንኳ አልቀረበትም።

አባትየውና መካኒኩ እየቀለዱ ነበር።

«መምህር፣ አባት ደግሞ ሽምግልና ይሄዳል እንዴ?»

«እኔ ሹፌር ነኝ። ከመኪናው አልወርድም።»

«ካልተገፋች አይወርዱም!»

ልጁ ብቻ አልሳቀም። «ጋሼ፣ ነገም ከቆመች እኮ ሦስተኛ ቀጠሮ የለም። የልጅቷ አባት ብለዋል።»

«አትቆምም። ፕሮፌሰር፣ የግራውን ክዳን አቀብለኝ።»

ሁለቱንም አየሁ። ግማሽ ዕድል ነበረኝ። አንዱን አንስቼ ሰጠኋቸው። ቦታው ላይ አስቀምጠው ብሎኑን በጣታቸው ማዞር ጀመሩ። አንድ ዙር። ሁለት ዙር። ሦስተኛው ላይ አፌ ተከፈተ።

«ጋሼ፣ ይቆዩ። ምልክቱን አጥቤዋለሁ። የትኛው የግራው እንደሆነ አላውቅም።»

መምህሩ ከጄሪካኑ ተነሡ። «ምን ማለት ነው? ነገ አልሄድም ማለት ነው?»

መካኒኩ እጃቸውን ጠረጉ። እኔን ሳያዩ «መኪናዋን እንዳለች ለኦሞ ሳሙና ማስታወቂያ እንስጣት» አሉ። ከዚያ ኮሮናውን ከነኩሽኔታው አነሡና ክዳኖቹን በባዶ መቀመጫቸው ላይ አጥብቀው አሰሩ።

«ጥፍር አለህ? ውስጡን ዳብሰው። ክዳኑና መቀመጫው የሚገናኙበትን። ዓይንህን ጨፍን።»

ዳበስኩ። መጋጠሚያው ላይ ስደርስ ጥፍሬ ተያዘ። በፀጉር ውፍረት እንኳ የማይሞላ ደረጃ ነበር።

«ያዘኝ።»

«አቀያይራቸው።»

አቀያየርኩ። አሁን ጥፍሬ መጋጠሚያውን ሳያውቀው አለፈ። በሌላኛውም በኩል አለፈ። አራት ጊዜ ደጋገምኩት፤ «በቃ፣ ትቀደዋለህ!» እስኪሉኝ ድረስ። ኮሮናውን መልሰን ጥርሶቹን ቀለም ቀብተን አዞርናቸው፤ የንክኪው አሻራ መሀል ላይ አረፈ፤ በትክክል ገጥሟል ማለት ነው።

ቅዳሜ እኔ ጋራዥ ነበርኩ። እያንዳንዷን የጭነት መኪና ድምፅ እየሰማሁ ዋልኩ። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ፒክአፗ በራሷ ጎማ ገባች። የሽማግሌዎቹ ጫማ ደረቅ ነበር፤ ጭቃ የለበትም። እሺ ተብለዋል።

ይህን የምጽፈው ያን ዓርብ አብረውኝ ለነበሩት ለሦስታችሁ ነው። እኔ የማስታውሰው ይህን ነው፤ ሁሉንም ግን አላየሁም። አንተ ሙሽራው፣ ስወለውል አጠገቤ ቆመህ ነበር፤ ጠመኔው ሲጠፋ አይተህ ዝም ብለህ ከሆነ ንገረኝ። ጋሼ፣ ያን ክዳን ስሰጥዎት የብሎን መፍቻውን ሳያነሱ በጣትዎ ብቻ ያዞሩት ለምንድን ነው? እስክናገር እየጠበቁኝ ነበር? መምህር፣ እርስዎ ደግሞ ያን ዳገት፣ ያኔ የቆመችበትን፣ በስንተኛ ማርሽ እንደወጡት ይጻፉልኝ። ሁለተኛ ይመስለኛል። እርግጠኛ ግን አይደለሁም።