በሴንት ፖል ፕራግን ስዞር

ድብል ሺፍት ለሚሠራ ሰው ሽርሽር ቅጣት ነው። እኔ ግን በረዶው ቀልጦ ዛፉ ማበብ ከጀመረ ወዲህ በየቀኑ ፕራግን ስዞር ነው የምውለው።

የምንከባከባቸው አሮጊት ሚስ ሩት ይባላሉ። እዚህ አሜሪካ፣ በሴንት ፖል ከተማ ወንዝ ዳር ዊልቸራቸውን ስገፋ ድልድዩን "የፕራግ ድልድይ"፣ አሮጌውን መጋዘን ደግሞ "ቤተ መንግሥቱ" ይሉታል። አእምሯቸው ደክሟል ብዬ፣ ትልቅ ሰውም አይታረምም ብዬ፣ "ሲያምር!" እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት "ዛሬ ቤተ መንግሥቱን በጓሮ በር እንየው" ብለው ዳገቱን አስወጡኝ። ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ፤ ትዕግሥቴም አለቀ።

"ሚስ ሩት፣ ይሄ እኮ ፕራግ አይደለም! ሴንት ፖል ነው፤ ያም የዕቃ መጋዘን ነው" አልኳቸው።

ምላሴን በቆረጠው! ቢያለቅሱስ? ለልጃቸው ነግረው ከሥራ ቢያስወጡኝስ?

እሳቸው ግን ዞር ብለው አዩኝና ፈገግ አሉ።

"አውቃለሁ፤ እዚሁ ነው የተወለድኩት። መጀመሪያ የመጣሽ ቀን 'አሜሪካ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከሥራና ከቤት በቀር የትም ሄጄ አላውቅም' አላልሽኝም? ፕራግን እኔ በወጣትነቴ አይቻታለሁ። አንቺን እያስጎበኘሁሽ ነው እኮ።"