ጉድፍ የሚያወጣልኝ ሰው

ብረት ስትቆርጥ ፍንጣሪ ዓይንህ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚሰማህ ሕመም አይደለም፤ ንዴት ነው። የያዝከውን ትጥላለህ፣ ብረቱን፣ ደንበኛውን፣ ሙያውን ትራገማለህ። ከዚያ ሰው ትፈልጋለህ። እጅህ ቢቆረጥ ራስህ ታስረዋለህ፤ ዓይንህ ውስጥ ጉድፍ ሲገባ ግን የሚያይልህ ሌላ ሰው ያስፈልግሃል።

እኔ ያ ሰው ነበረኝ። ሞያሌ ውስጥ በኬንያ በኩል፣ ወደ ድንበሩ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንድ የቆርቆሮ ጥላ ሥር አብረን በርና መስኮት እንበይድ ነበር። እሱ የዚያው አገር ተወላጅ፣ ሙስሊም፣ አማርኛን ከሾፌሮችና ከነጋዴዎች የለቀመ ሰው ነው። እኔ ከሸዋ ወርጄ እዚያው የቀረሁ ክርስቲያን ነኝ። ከእኔ ብዙ ዓመት ይበልጠኛል፤ አንቱታ ግን አይወድም። እሱ እኔን «ፉንዲ» ይለኛል፣ እኔም እሱን «ፉንዲ» እለዋለሁ፤ በስዋሂሊ ባለሙያ ማለት ነው። አንድ ደንበኛ «ፉንዲ!» ብሎ ሲጣራ ሁለታችንም እኩል ቀና እንል ነበር።

ጉድፍ ማውጣት የራሱ ሥርዓት ነበረው። ጉድፍ የገባበት ሰው ባልዲ ደፍቶ ይቀመጥና ፊቱን ወደ ፀሐይ ያዞራል። ሌላው ከኋላው ቆሞ ጭንቅላቱን ሆዱ ላይ ያስደግፈዋል። የዓይኑን ቆብ በክብሪት እንጨት ይገለብጠዋል፤ ከሽርጡ ጫፍ ክር መዝዞ፣ አጥፎ፣ በምራቁ አርሶ ጠረግ ያደርገዋል። እምቢ ካለ፣ ከተሰበረ ራዲዮ የፈታነው ማግኔት ነበረን፤ እሱን ዓይኑ አጠገብ እያዞርን እንሞክራለን። ሐኪም ቢሰማ የሚጮህበት ነገር ነው፣ ደግሞም ትክክል ነው፤ ማንም እንዲያደርገው አልመክርም። ያን ጊዜ ግን ከዚህ ሌላ መኖሩን አላሰብንም።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ሚስት አላገባሁም። ላገባ ስል ድንበሩ ይዘጋል፣ ድንበሩ ሲከፈት እኔ ዘግቼ ቁጭ እላለሁ። እናቴ ከሞተች በኋላ የሰው እጅ ፊቴን የሚነካው ባልዲው ላይ ስቀመጥ ብቻ ነበር። ሰውየው ሥራ ላይ ቆጣ ያለ ነው፣ ድምፁም ሻካራ ነው፤ ጭንቅላቴን ሲይዝ ግን እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ ነበር። ጉድፉ ከወጣም በኋላ ትንሽ ቆየት ብዬ የምነሣበት ቀን ነበር።

ስለ መነጽር ማንም አያነሣም። ለብየዳው ጥቁር መስታወት ያለው ጭንብል ነበረን፤ የብየዳው ብርሃን ስለሚቀጣ እሱን ሳንወድ በግዳችን እንይዛለን። ብረት የምንቆርጥበትን ግራይንደር ግን በባዶ ዓይን ነበር የምንሠራበት። እንዲያውም በአንድ ዓይን ብል ይሻላል። ሙያውን ያስተማረኝ የሐዋሳው አሠሪዬ «ስትቆርጥ አንዱን ጨፍን። አንዱ ይሥራ፣ አንዱን ለእርጅናህ አስቀምጠው» ብሎኝ ነበር። እኔም ግራዬን ጨፍኜ በቀኜ እሠራ ነበር። እዚያ መንገድ ላይ ያሉት በያጆችም ሁሉ እንደዚያው ናቸው፤ በየጥላው ሥር አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ፍንጣሪ የሚያዘንብ ሰው ታያለህ። ብልሃት ይመስለን ነበር።

አስፋልቱ ከታች ከኢሲዮሎ ወደ እኛ እየተጠጋ፣ ሱቅ በሱቅ ላይ የሚሠራበት ዘመን ነው። ሁሉም የላሜራ በር ይፈልጋል፤ ጥላችን ሥር ሰው አይጠፋም። አንድ ጠዋት ባልደረባዬ ከናይሮቢ በሚመጣ ሾፌር ያስመጣቸውን ሁለት የሥራ መነጽሮች ይዞ መጣ። ወፍራም፣ ዙሪያቸውን በጎማ የተከበቡ፣ ከኋላ በላስቲክ የሚያዙ ናቸው። አንዱን አጠለቀና ሌላውን ሰጠኝ።

«ፉንዲ፣ ከዛሬ ሚዋኒ እናደርጋለን» አለኝ።

ሚዋኒ የሚለው መነጽሩን ነው። አየሁት። ዓይኖቹ ከመስታወቱ ኋላ ተልቀው፣ ፀጉሩ በላስቲኩ ሥር ቆሞ። በራቸውን የሚጠብቁ አራት አምስት ሰዎች ነበሩ፤ ውኃ የሚያመላልስ ሰውዬም አህያውን አቁሞ ጄሪካን ያወርዳል። ሰው ሲበዛ ቀልድ የሚያምረኝ ሰው ነኝ፤ ክፉ አመሌ ነው። መነጽሬን ወስጄ ለአህያው አጠለቅሁለት፤ ላስቲኩን ከጆሮዎቹ ኋላ አሳልፌ አስተካከልኩት። «ይኸው፣ አሁን ሦስት ፉንዲ ሆንን» አልኩ።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አህያው ጭንቅላቱን ሲያወዛውዝ ደግሞ ባሰባቸው። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ባልደረባዬ ብቻ አልሳቀም። ወደ አህያው ሄዶ መነጽሩን ቀስ ብሎ አወለቀ፣ በሽርጡ ጠረገው፣ የእኔ ቱታ የሚንጠለጠልበት ሚስማር ላይ ሰቀለው።

«እኔ ለዓይንህ አሰብኩ» አለኝ። «አንተ ለአህያ ሰጠህ።»

በማግስቱ ዕቃውን ሰብስቦ ከመንገዱ ማዶ ሌላ ጥላ ተከራየ። ማግኔቱን ለእኔ ተወልኝ። መነጽሩም ሚስማሩ ላይ ቀረ።

አንድ «ይቅርታ» ይበቃ ነበር፤ አውቃለሁ። መንገዱን ለመሻገር ሠላሳ እርምጃ ነው። በየቀኑ አየዋለሁ፤ ሲበይድ፣ ሲሰግድ፣ ሻዩን ሲጠጣ። እሱም ያየኛል። ሰላምታ ግን የለም። የሰፈሩ ሰዎች ሊያስታርቁን ሲሞክሩ «በቀልድ የሚያኮርፍ ሰው ምን ይደረጋል?» እያልኩ አባረርኳቸው። ውሸቴን ነበር። ቆርቆሮው ሥር የራሴን መዶሻ ድምፅ ብቻ እየሰማሁ ስውል ብቸኝነቱ ይበላኝ ነበር። ጉድፍ አልፎ አልፎ ይገባብኛል፤ በለቅሶና በእሽታ ይወጣል። መነጽሩን አላጠልቀውም፤ ባጠልቀው ማዶ ሆኖ ያያላ።

የዚያን ቀን የበር ማጠፊያ እያስተካከልኩ ነበር። ቀላል ሥራ ነው፤ ዲስኩን ነካ አድርጌ ማንሣት ብቻ። ግራዬን እንደ ልማዴ ጨፍኛለሁ። ቀኜ ላይ ትንሽ ነገር ጠቅ አደረገኝ፤ ከትንኝ አይበልጥም። ታጠብኩት። አሸሁት። አልወጣም።

ከአንድ የተሰባበረ ቦዳቦዳ፣ ሰው ከሚያመላልስ ሞተር ሳይክል፣ የፈታሁት የጎን መስታወት ነበረኝ። ባልዲውን ደፍቼ ተቀመጥኩ፣ መስታወቱን በአንድ እጄ ያዝኩ፣ በሌላው ቆቡን ለመገልበጥ ታገልኩ። ቀኙ ሲያነባ ግራውም ያነባል፤ ቀኙ ሲጨፈን ግራውም ይጨፈናል። ለእርጅናዬ ያስቀመጥኩት ዓይን ለዚያች ደቂቃ እንኳ አልጠቀመኝም። ማግኔቱን አስጠጋሁት፤ ምንም አልመጣም። ከዚያ ሞኝነቴ በዛና በክብሪት እንጨቱ ጫፍ በጭፍኑ ጎረጎርኩት።

በሁለተኛው ቀን ቀይ ሆነ፤ ብርሃን ማየት አልቻልኩም። የሞተር ሳይክሉን ወንበር ሊያስበይድ የመጣ የቦዳቦዳ ሾፌር ነበር፤ «እስቲ እየኝ» ብዬ ለመንኩት። ከሩቅ ሆኖ አጎንብሶ አየኝና «ፖሌ ሳና፣ አይዞህ፣ ቀይ ነው» አለኝ። ቀይ መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ። ጭንቅላቴን እንዲይዘኝ ነበር የፈለግሁት፤ ግን የማያውቁትን ሰው እንዴት እንደዚያ ይጠይቁታል? ወንበሩን በግራ ዓይኔ በይጄለት ሄደ።

ሆስፒታል ለምን አልሄድክም የሚል ይኖራል። ለጉድፍ ሆስፒታል መሄድ በእኛ ዘንድ አይታወቅም፤ ይሳቅብሃል። ለዚያ ሰው ነበረን። እኔ ደግሞ ያንን ሰው አባርሬዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መንገዱን ተሻገርኩ። መኪና መምጣቱን በጆሮዬ እያጣራሁ ነበር የተሻገርኩት። እሱ መነጽሩን አጥልቆ ቱቦላሬ ይቆርጣል። አየኝ። ግራይንደሩን አጠፋ። ባልዲ ደፋልኝ።

«ኮቱ፣ ታኢ» አለኝ በቦረንኛ፤ ና ተቀመጥ ማለቱ ነው።

ተቀመጥኩ። ጭንቅላቴ ሆዱ ላይ ዐረፈ። ሽርጡ የታወቀውን የብረትና የሳሙና ሽታ ይሸታል። አለቀስኩ፤ ዓይኔ ስላመመኝ የማለቅስ መስሎት እንዲያልፈኝ ተመኘሁ። ቆቡን ገለበጠው። «ወደ ፀሐይ፣ ትንሽ» አለኝ። ዞርኩ። «ጨምር።» ዞርኩ። ክሩን መዘዘ፣ አጠፈው፤ ግን አላስጠጋውም። ትንፋሹ ግንባሬ ላይ እየመጣ ለረጅም ጊዜ ቆየ።

«ፉንዲ» አለኝ በመጨረሻ። «አላየሁም።»

«ወጥቶ ይሆን?»

«እኔ ነኝ የማላይ። አንድ ዓመት ሆነ። ትልቅ አያለሁ፣ ትንሽ አላይም። ሁሉም ጭስ ነው።» ክሩን ጣለው። «ያንተን ጉድፍ በዕድል ነበር የማወጣው። አንድ ቀን ዓይንህን አጠፋለሁ ብዬ ፈራሁ። ሚዋኒ ያመጣሁ ለዚህ ነው።»

እንደዚያ ሲለኝ ከመለያየታችን በፊት የነበረው ጊዜ ሁሉ ትዝ አለኝ። «ወደ ፀሐይ» የሚለው እየበዛ መምጣቱ። በክሩ እየዳበሰ መፈለጉ። ቀጭኑን ብየዳ ለእኔ መተዉ። እኔ ሥራ መሸሽ መስሎኝ ስነጅሰው ነበር። ነግሮኝ ቢሆን እላለሁ አንዳንዴ፤ ግን ለማን ይነግራል? ዓይኔ ደክሟል ብሎ እንዳይናገር፣ በደንበኞች ፊት ከሚቀልድበት ሰው ጋር ነበር የሚሠራው።

«ይቅር በለኝ» አልኩት። እዚያው ጭንቅላቴ ሆዱ ላይ እንዳለ።

«ትዌንዴ» አለኝ፤ እንሂድ። ሽርጡን አጠበቀና ክንዴን ይዞ ወደ ሆስፒታሉ ወሰደኝ። እሱ መንገዱን አያጣም፣ እኔ ጉድጓዱን እነግረዋለሁ። በሁለታችን አንድ ደህና ዓይን ነበረን፤ ደረስን።

ያየኝ ሐኪም ወጣት ነው። ብረቱ ጥቁሩ ላይ ተተክሎ ዝጓል፣ በዙሪያው መግል ይዟል፣ የተጎረጎረበትም ቦታ ቆስሏል አለኝ። በመጀመሪያው ቀን ብመጣ ኖሮ ቶሎ የሚያልቅ ነገር እንደነበረም ነገረኝ፤ በቁጣ ሳይሆን በሐዘን። ወደ ታች፣ የዓይን ሐኪም ወዳለበት ላከኝ። አውቶቡስ ላይ ብቻዬን ተሳፈርኩ። ቁስሉ ዳነ፣ ነጭ ጠባሳ ትቶ። በቀኝ ዓይኔ አሁን ቀን መሆኑን አውቃለሁ፤ ከዚያ አያልፍም። ባልደረባዬንም ያ ወጣት ሐኪም መረመረው፤ የዓይን ሞራ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ይነሣል አለው። «ኢንሻአላህ» አለና ሳይሄድ ቀረ። ሙያውን ግን ተወ። ዳበል በሚባል መንደር፣ ከብት የምታረባ ልጁ ዘንድ ገባ።

እኔ ወደ ጥላዬ ተመለስኩ። መነጽሩን ከሚስማሩ አወረድኩት፣ አቧራውን ጠረግሁት፣ አጠለቅሁት። በአንድ ዓይን የሚኖር ሰው ደግሞ የሚጨፍነው የለውም። ሊማር የሚመጣ ሰው ሲኖር መጀመሪያ መነጽር አስይዘዋለሁ፤ ሊስቅብኝ ሲቃጣው ቀኝ ዓይኔን አሳየዋለሁ።

ሰውየው አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ ይደውልልኛል። ጤናዬን ከመጠየቁ በፊት «ሚዋኒው ዓይንህ ላይ ነው?» ይለኛል። «ዓይኔ ላይ ነው» እለዋለሁ። «እንግዲህ እኔን አትፈልግም» ብሎ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

እውነቱን ነው፤ መነጽሩን ካጠለቅሁ ወዲህ አንድም ጉድፍ አልገባብኝም። አንዳንድ ጠዋት ግን ሥራ ሳልጀምር አወልቀዋለሁ። ባልዲውን ደፍቼ እቀመጥና ፊቴን ወደ ፀሐይ አዞራለሁ፤ ጭንቅላቴንም ትንሽ ወደ ኋላ ደገፍ አደርገዋለሁ። ከኋላዬ ማንም የለም።