የጊሽጣው ወራት

እህቴ ከአንድ ዓመት በላይ ጠዋት ጠዋት የጊሽጣ ጭማቂ ጠጥታለች። ገዝቼ የማመጣላት እኔ ነበርኩ። በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ሬክስዴል ካለው የአረጋውያን መጦሪያ ሥራዬን ስጨርስ፣ በአውቶቡስ ኤግሊንተን ዌስት እወርድና ለአዲሱ ባቡር ግንባታ የታጠረውን መንገድ እየተራገምኩ ዞሬ፣ የጃማይካዊቷ ሱቅ እገባለሁ። ባለሱቋ ለማን እንደሆነ ከሰማች ወዲህ ሁልጊዜ አንድ ትመርቅልኝ ነበር። ምርቃቱን ስቀበል ዓይኗን ማየት አልወድም።

ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በፊት ነው። ጡቷ ላይ የወጣው እብጠት ተመርምሮ ውጤቱን ልንሰማ የገባን ቀን፣ ሆስፒታሉ አስተርጓሚ ላምጣ ቢል እህቴ አሻፈረኝ አለች። «የሰፈራችን ሰው ትሆንና እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ መነጋገሪያ ልሁን? አንቺ አለሽልኝ አይደል?» አለችኝ። ሐኪሙ አልሸፋፈነም። ካንሰሩ አጥንቷ ውስጥ ገብቷል፤ ጨርሶ አይድንም፤ ቶሎ ከጀመርን ግን በመድኃኒት ለዓመታት ልንይዘው እንችላለን አለ።

«ምን አለ?» አለች እህቴ።

«ትንሽ ነው አለ። መድኃኒቱን ከወሰድሽ ይጠፋል።»

እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት አይነገርም፤ እኛ ቤት እንዲህ ነው ያደግነው። ለሞተ ሰው መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልዶ ነው የሚነገረው። አባታችን ጉበቱ አልቆ፣ እኛ ጨጓራ ነው እያልነው ሞተ። ያን ጊዜ አዋቂዎቹ ደግ ሰዎች ይመስሉኝ ነበር። እኔም በዚያች ደቂቃ ደግ የሆንኩ መሰለኝ።

በሳምንቱ ሐኪሙ ስላለው መድኃኒት፣ ስለ ኬሞው ሳነሳባት ሳቀች። «ትንሽ ከሆነማ ምን አስቸኮለኝ? ጸጉሬን ከምጨርስ መጀመሪያ ይሄን ልሞክር» ብላ የማኅበሯ ሴቶች የላኩላትን ቪዲዮ አሳየችኝ። ጊሽጣ ውስጥ ያለ አንድ ነገር የጡት ካንሰርን ይገድላል ይላል። እንደ እሷ አስተሳሰብ ልክ ነበረች፤ ለትንሽ በሽታ ትንሽ መድኃኒት።

መጦሪያው አጠገብ ያለውን ፋርማሲስት ጠየቅኩት። አላሾፈብኝም። ፍራፍሬ ውስጥ እንዲህ ያሉ ንጥረ ነገሮች በእርግጥ አሉ፤ ላብራቶሪ ውስጥ ብርጭቆ ላይ የተቀመጠ የካንሰር ሴል ሲነካቸው ይሞታል አለኝ። «ብርጭቆ ግን ጨጓራና ጉበት የለውም። ብርጭቆ ላይ እኮ በረኪናም ይገድለዋል። በሰው ላይ እንደሚሠራ ያረጋገጠ የለም፤ ሲበዛም ነርቭ ይጎዳል ተብሎ ይፈራል።» ይህን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት።

«ታዲያ በረኪና ጠጪ ያለሽ አለ?» አለችና ብርጭቆዋን ጨለጠችው።

አፏን ሊያስይዝ የሚችል አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ፤ እሱም የዋሸሁት። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ ጾሙ ይለፍ፣ ጾሙ ሲያልፍ ልደቷ ይለፍ አልኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሷ ግን ምን ደበቀች? የደበቅኩት እኔ ነኝ። ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ እኔም ቀስ በቀስ ማመን መጀመሬ ነው። ፊቷ ሞላ ሲል፣ ደረጃውን ሳትቆም ስትወጣ፣ ማን ያውቃል እያልኩ በሁለት እጄ ሁለት ከረጢት ጊሽጣ ተሸክሜ ፓርክዴል ያለው ቤቷ ድረስ ሄጃለሁ። ፍሬው ምን አደረገ? እሱ ይድናል አላለም፤ ያልኩት እኔ ነኝ።

በጸደይ ወገቧን አመማት። አንድ ቀን ከወንበር መነሳት አቃታትና በአምቡላንስ ሆስፒታል ገባች። አዲሷ ሐኪም ቤተሰብ አያስተረጉምም ብላ ወደ አስተርጓሚ ደወለችና ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጠች፤ ከየት ከተማ እንደምትናገር የማላውቃት ሴት በጥሩ አማርኛ ቃል በቃል መተርጎም ጀመረች። አጥንቷ ውስጥ የነበረው ካንሰር ጉበቷ ደርሷል። ሰውነቷ ከእንግዲህ ኬሞ አይችልም። የቀረው ሕመሙን ማስታገስ ነው።

እህቴ አስተርጓሚዋ እስክትጨርስ ጠበቀች። ከዚያ፣ «አጥንቴ ውስጥ የገባው መቼ ነው በያት» አለቻት።

ሐኪሟ ኮምፒውተሯን አየች። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበር» አለች አስተርጓሚዋ። «ያን ቀን እህትዎ ባሉበት እንደተነገረዎ ተጽፏል። ሕክምናውንም እንደማይፈልጉ ተናግረዋል ይላል።»

«ያኔ ጀምሬው ቢሆንስ?»

«እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ግን ጥቂት ዓመታት ልናገኝ እንችል ነበር ብለዋል።»

ይቅር በዪኝ ልላት አልጋው ላይ ጎንበስ አልኩ። እሷ ወደ እኔ አልዞረችም። እንደምንም በክርኗ ተደግፋ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እህቴ» አለቻት። «እውነቱን የነገርሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

አስተርጓሚዋ ሥራዋ ነውና ይህንንም ለሐኪሟ በእንግሊዝኛ ተረጎመችላት።