የፖስታ ቤቱ ሃያ አንድ ደረጃ

አባቴን ሠፈሩ ሁሉ የሚጠራው በግንበኛ መለኪያ ስም «ውሃ ልክ» እያለ ነው። ድንጋይ ጠራቢ ነበር። መሣሪያ ሳያወጣ፣ በዓይኑ ብቻ «ይኼ ዘሟል» ካለ ዘሟል፤ ቤታችን እንኳ የጠረጴዛው እግር ሥር ካርቶን ሳይሸጉጥ ምሳ አይበላም። የድሮውን ፖስታ ቤት ሃያ አንድ ደረጃ በወጣትነቱ አንድ በአንድ የጠረበው እሱ ነው። ዝናብ እንዳይተኛበት እያንዳንዱን ለዓይን በማይታወቅ ልክ ወደ ፊት አዘንብሎታል።

እኔ ደግሞ የምተዳደረው በምላሴ ነው። ሰዎችን በእግር እየመራሁ የከተማውን አሮጌ ሕንፃዎች አስጎበኛለሁ፤ የቆመውን፣ ሊፈርስ የቀለም ምልክት የተደረገበትን፣ በመስታወት ፎቅ የተተካውን።

በጀመርኩ ሰሞን ደረጃው ላይ ቆሜ «ይህን የጠረበው አባቴ ነው» አልኩ። አንዱ ጎብኚ አዛጋ። በሌላ ቀን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አንድ የባሕር ማዶ መሐንዲስ ፈጠርኩ፤ ደረጃውን ለሞተች እጮኛው መታሰቢያ እንዳሠራው፣ የውሃውንም መውረጃ በሒሳብ እንደቀመረው ተረክኩ። ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳ። ምላስ አጥንት የለውም፤ ስምንት ዓመት ይህንኑ ደገምኩ። ኋላ ላይ እንዲያውም ሪዝ ጨመርኩለት።

ዘንድሮ ግራና ቀኙ ያሉት ቤቶች ሲፈርሱ ፖስታ ቤቱ በቅርስነት ተመዘገበ። የከተማው አስተዳደር ሰዎች ታሪኩን ጠየቁኝ። እውነቱን መናገር የነበረብኝ ያን ቀን ነበር። ቀጣፊ ከምባል ብዬ መሐንዲሱን ከነሪዙ ሰጠኋቸው። የፈጠርኩለት የባሕር ማዶ ስም በነሐስ ሰሌዳ ተቀርጾ ደረጃው አናት ላይ ተሰቀለ።

ሰሌዳ መሰቀሉን የሰማ ጎረቤት የተጻፈው የአባቴ ስም መስሎት አባቴን «እንኳን ደስ ያለህ» ብሎታል። በማግስቱ ጎብኚዎቼን ይዤ ስደርስ ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ ሰሌዳው ሥር ቆሟል። አባቴ ፊደል አልቆጠረም። የሚያውቀው ለፊርማ የተለማመደውን የገዛ ስሙን ብቻ ነው።

«እስቲ አንብብልኝ፣ ልጄ» አለኝ።

ከኋላዬ አሥራ ሁለት ሰው ቆሟል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ይህን ደረጃ የጠረበው» ብዬ የእሱን ስም ከነአባቱ ጠራሁ። ጣቱን ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው በቀስታ ነዳው፤ ተመልሶም ደገመው። ስሙን እየፈለገ እንደሆነ ገባኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሰሌዳውን በኮቱ እጅጌ ወለወለና ለጎብኚዎቹ መንገድ ለቀቀ። አንዲት ሴት «እዚህ ይሠሩ ነበር?» ብላ ጠየቀችው። እኔን አየኝ።

«አይ፣ የልጄን ሥራ ለማየት ነው የመጣሁት» አላት።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስገባ የጠረጴዛውን እግር እያስተካከለ ነበር። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ረዥም ስም አወጣህልኝ» አለ።