የሚሸጥ ታጣፊ ብስክሌት፣ ከነመለዋወጫው

ልብስ ሰፊዋ ማስታወቂያውን የጻፈችው እንደ ሙያዋ ነበር። «የሚሸጥ ታጣፊ ብስክሌት፤ በባትሪ የሚሄድ፤ ቤት ውስጥ የተሠራ። ሲዘረጋ አንድ ሜትር ከሃምሳ፣ ሲታጠፍ ሰማንያ ሴንቲ ሜትር። የባትሪው ቦርሳ ውሃ የማያስገባ ሸራ፣ ስፌቱ ድርብ። ከነመለዋወጫው።» መነጽሯን አስተካክላ ደግማ አነበበችው። ሐሰት የለበትም። ትንሽ ሰፋ ቢል ጥሩ ነበር፤ ግን የምታውቀው ይህንኑ ብቻ ነው።

ስልኩ በማግስቱ መጮህ ጀመረ።

«ስንት ዋት ነው?» አለ አንዱ።

«እሱን እንኳ አላውቀውም ወንድሜ። ግን ሲታጠፍ ጠረጴዛ ሥር ይገባል።»

«ሰው ጠረጴዛ ሥር ሊነዳው ነው እንዴ እትዬ?»

«አንተ መጥተህ እየው፤ ስንት ዋት እንደሆነ ለእኔም ትነግረኛለህ» አለችው ከልቧ። ሰውዬው ስቆ ዘጋው።

ብስክሌቱን የሠራው ባሏ ነው። ካረፈ ሰባት ወር ሆኖታል። ዕድሜ ልኩን የአሳንሰር ጠጋኝ ነበር። ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው፣ ከሥራ ቦታ ወደ ቤት የሚያመጣውን ዳገት በእግሩ መውጣት ሲያቅተው፣ አንድ አሮጌ ታጣፊ ብስክሌት ገዝቶ ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ሁለት ዓመት ታገለው። ሞተሩን ከአንዱ፣ ባትሪውን ከሌላው፣ ሽቦውን ከተጣለ ዕቃ ሁሉ ለቃቀመ። በዚያ ሁለት ዓመት ምሳቸውን የሚበሉት በጠረጴዛው ግማሽ ላይ ነበር። እሷ ቦርሳውን ሰፋችለት እንጂ ሌላውን ጠይቃው አታውቅም። የራሷ ሥራ ነበረባት፤ ደግሞም ነገ እጠይቀዋለሁ ትል ነበር።

አሁን ነው መጠየቅ ያማራት። መለዋወጫው ሁለት የብስኩት ቆርቆሮና አንድ የጫማ ካርቶን ሞልቷል። ከሰዓት በኋላ ሥራ ቀዝቀዝ ሲልላት አንዱን ታወጣና ወደ መስኮቱ ይዛ «አንተስ ደግሞ ምንድን ነህ?» ትለዋለች። ካልመለሰላት ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ መንገድ ዳር ወዳለው ብስክሌት ጠጋኝ ትወስደዋለች። ጠጋኙ በመጀመሪያው ቀን ሳቀባት፤ በሦስተኛው ቀን በርጩማ አወጣላት። «ይሄ የፍሬን ላስቲክ ነው። ይሄ የካቴና ማያያዣ። ይሄማ ከማንኪያ መያዣ ተቆርጦ የተሠራ ነው፤ ባልሽ ሰው አልነበረም መሰለኝ፣ ጉድ እኮ ነው!» ቤቷ ስትመለስ የእያንዳንዱን ስም በቁራጭ ወረቀት እየጻፈች በመርፌ ቁልፍ አያያዘችበት። ስም የሌለው ዕቃ መሸጥ ነውር መሰላት።

ዓርብ ዕለት አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ መጣ። ብስክሌቱን ዞሮ ዞሮ አየው፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልተቀመጠበትም።

«ሞተሩን ለአንዱ እሰጣለሁ፣ ባትሪውን ለሌላው። አጥንቱ ለብረታ ብረት ይሄዳል» አለ።

«አጥንቱ?»

«ይሄ ይሄ» ብሎ ብረቱን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው።

የነካውን ቦታ በእጇ ጠረገችው። ያም ሆኖ እምቢ አላለችውም፤ ከእሱ ሌላ የመጣ ገዢ አልነበረምና። እስከ እሑድ ማታ እንዲጠብቃት ለመነችው። እስከ እሑድ ማታ የሚነዳው ሰው ካልተገኘ ሰኞ ጠዋት መጥቶ ይበታትነዋል።

ቅዳሜ አንዲት ነርስ ደወለች። በየቤቱ እየዞረች አልጋ የያዙ በሽተኞችን የምታክም ናት። የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፤ ውጭ የሚያድር ብስክሌት ስለማይበረክት የሚታጠፍ ነው የምትፈልገው። «እሑድ ከእህቴ ባል ጋር እመጣለሁ፤ እሱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ከሄደልኝ እዚያው እወስደዋለሁ» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን እንደዘጋች ብስክሌቱን አየችው። የባትሪው ቦርሳ ቅባት ጠጥቶ ጠቁሯል። የደንበኛ ልብስ ሳትተኩስ አስረክባ አታውቅም፤ ይህንንስ እንዴት እንዲህ ትሰጠዋለች? ቦርሳውን ፈታች። በውስጡ ባትሪውና አንዲት ከባድ ጥቁር ሳጥን ነበሩ። አንላቀቅ ያሏትን ሽቦዎች ከየመጋጠሚያቸው ቀስ እያለች ነቀለች፤ አምስት ነበሩ። በየሽቦው ጫፍ ላይ ክር ተጠምጥሟል፤ የአንደኛው ጭራ ተንጠልጥሏል። የተንጠለጠለ ክር አይታ መቀስ ሳታነሳ አልፋ አታውቅም፤ ከረከመችው። ቦርሳውን አጥባ አሰጣች፣ ተኮሰችው። እሑድ ጠዋት ሁሉንም መልሳ ስታስገባ አምስት የሽቦ ጫፍ ከወዲህ፣ አምስት ከወዲያ ቀሩ፤ የቱ ከየቱ እንደነበር አላስታወሰችም። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይመጣ የለ፣ ብላ ራሷን አጽናናች።

እንግዶቹ ከምሳ በኋላ ደረሱ። ልብስ ሰፊዋ ብስክሌቱን የሠራው አሳንሰር ጠጋኝ የነበረው ሟች ባሏ መሆኑን ነገረቻቸው። ነርሷ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ዓይኗ ሁሉ ነገር ላይ የሚያርፍ ሴት ናት። የእህቷ ባል ካቻቢቴና ፒንሳ በኪሱ ከትቶ ነበር።

«የኤሌክትሪክ መሞከሪያህስ?» አለችው ነርሷ።

«መሥሪያ ቤት ቀረ። እሑድ እኮ ነው ዛሬ፤ ማረፊያ ቀኔ ላይ ጎትተሽ አምጥተሽኝ ደግሞ ምርመራ?»

«ያረፍክበትን ቀን ቆጥሬ ብከፍልህ እህቴ ሀብታም ትሆን ነበር።»

ሰውዬው እየሳቀ ተንበረከከ። ቦርሳውን ከፈተ። ሳቁም ቀስ በቀስ ጠፋ።

«ይሄ ምንድን ነው? በየሽቦው መሃል ጥቁር ከአረንጓዴ፣ አረንጓዴ ከቢጫ የተቀጠለ… ይሄንን የሠራው ሰው ጠጥቶ ነበር እንዴ?»

«አፍህን!» አለች ነርሷ በክርኗ ጎሽማው።

«አይጠጣም ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ። ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ምክንያቱን ታውቀዋለች፤ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት አፏን የዘጋችበት ነገር በአንድ ጊዜ አይወጣም።

ሰውዬው ራሱን አከከ። «እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ይሄ ተፈትቶ እንደ አዲስ ካልተሠራ…» ነርሷን ዞሮ አያት። «ሌላ ብትፈልጊ ይሻልሻል።» ነርሷ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። ልብስ ሰፊዋ የነጋዴው የጫማ ጫፍ ታያት።

«እስቲ አንዴ ሞክረው» አለች ነርሷ።

«እሺ፤ ቢያንስ ከባትሪው እንጀምር። ቀይ ከቀይ። ይሄ ዓለም ያወቀው ነው» ብሎ ከባትሪው የወጣውን ቀይ ሽቦና ሞተሩን ከምትቆጣጠረው ጥቁር ሳጥን የወጣውን ቀይ ሽቦ ይዞ ሊያገጣጥማቸው ሲል፣

«ቆይ!» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ድምጿ ራሷን አስደነገጣት። ሰውዬው ሁለቱን ሽቦ አየር ላይ እንደያዘ ቀረ።

«እሱ ቀይ አያውቅም ነበር» አለች።

«ማለት?»

«ቀይና አረንጓዴ አይለይም። ከልጅነቱ ጀምሮ። ሸሚዙን እኔ ነበርኩ የማወጣለት።»

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው አፉን ከፍቶ ተመለከታት። «አሳንሰር ጠጋኝ ነበር አላሉኝም? ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት እንዴት…»

«ተለማማጆቹን ይጠይቃቸዋል። ‹ና እስቲ፣ ይሄ ምን ቀለም ነው?› ይላል ቆጣ ብሎ። ፈተና ይመስላቸዋል። ተሽቀዳድመው ይመልሱለታል። ‹ጎበዝ› ይላል፣ ይቀጥላል።»

ነርሷ እጇን አፏ ላይ ጭና ሳቀች። ልብስ ሰፊዋም ሳቀች። ነገሩን ለሌላ ሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው፤ እስክትናገረው ድረስ አስቂኝ መሆኑን አታውቅም ነበር።

«ቤት ውስጥስ ማንን ይጠይቃል?» አለ ሰውዬው፤ አሁን እውነት ማወቅ ፈልጎ ነው።

ያ ጥያቄ እሷንም ያዛት። እሷን ጠይቋት አያውቅም። አጠገቡ ተቀምጣ እየሰፋች «ይሄ ምን ቀለም ነው» ብሏት አያውቅም። ይልቅ የሚጠይቃት ክር ነበር። «አንድ ክንድ የሚሆን፣ ጠንካራ» ይላታል፤ ትሰጠዋለች። ልብስ ሰፊዋ ተንበረከከች። አንዱን ሽቦ ያዘችና የተጠመጠመበትን ክር በጣቶቿ ዳሰሰችው። የቁልፍ መስፊያ ክሯ ነው። ዓይኗን ጨፈነች።

«ቋጠሮ ነው» አለች። «ሦስት ቋጠሮ አለው። ሌላውን አቀብለኝ።»

ሰውዬው አቀበላት። ከወዲያ በኩል የነበሩትን አንድ በአንድ ዳሰሰች። በሦስተኛው ላይ ቆመች። «ይኸውና፤ ሦስት። ይሄ ከዚህ ጋር ነው።»

ባለ አራቱም ጓደኛውን አገኘ። ቀጥሎ ሰውዬው ሊያገጣጥመው የነበረውን የባትሪውን ቀይ ሽቦ ዳሰሰች፤ ሁለት ቋጠሮ አለው። የሳጥኗን ቀይ ዳሰሰች፤ አንድ። የሳጥኗ ጥቁር ነው ሁለት የሆነው፤ የባትሪው ጥቁር ደግሞ አንድ።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው እጁን ከሽቦዎቹ ሰበሰበ።

«ቀይ ከቀይ ቢገጣጠም ምን ይሆን ነበር?» አለችው፤ ስታስፈራራው አይደለም፣ ማወቅ ፈልጋ ነው።

«ሽታው ብቻ ይቀርልን ነበር እትዬ።»

አምስተኛዎቹ ቀሩ። አንደኛው ጫፍ ላይ አምስት ቋጠሮ አለ፤ ሌላኛው ላይ ምንም የለም።

«ይሄን ቆርጬዋለሁ» አለች። «ትናንት በመቀስ። ጭራው አስጠልቶኝ።»

«ምንም አይደል። የተረፈው ለተረፈው ነው» አለ ሰውዬው፣ ድምፁ ለስልሶ። በሰጠችው ቅደም ተከተል አንድ በአንድ አጋጠማቸው፤ አሁን «ይሄን ላያይዘው?» እያለ ይጠይቃታል። ሲጨርስ የኋላውን ጎማ ከመሬት አነሳና መያዣውን ትንሽ ጠመዘዘ። ጎማው እንደ ስፌት መኪና ድምፅ አሰምቶ መዞር ጀመረ።

ነርሷ አንድም ቃል ሳትናገር ብስክሌቱን ገፍታ ወደ መንገዱ አወጣችው። ልብስ ሰፊዋ እስከ በሩ ተከተለቻት። ልጅቷ መጀመሪያ ወላወለች፤ አንድ እግሯን መሬት ላይ ጎተተች፤ ከዚያ ዳገቱን ያዘች። ብዙ ሳትረግጥ ወጣችው። ከላይ ዞራ ወርዳ እንደገና ወጣች። ባሏ ሲመለስ ልብስ ሰፊዋ ሁልጊዜ ስፌት ላይ ናት፤ የበሩን ድምፅ ትሰማለች እንጂ ብስክሌቱ ዳገት ሲወጣ አይታ አታውቅም። እንዲህ ነበር እንዴ የሚወጣው፣ አለች በልቧ። ወገቡ ቀጥ ብሎ፣ ሳይቸኩል።

ነርሷ ፊቷ ቀልቶ ተመለሰች። «በሽተኞቼ አሁን ቶሎ ልመጣባቸው ነው፤ እነሱ ይጨነቁ!» አለች። በዋጋውም አልተከራከረችም። ልብስ ሰፊዋ ቆርቆሮዎቹንና ካርቶኑን አስረከበቻት፤ ነርሷ ወረቀቶቹን እያነበበች «እኔ ለመድኃኒት እንኳ እንዲህ አላደርግም» እያለች ትገረማለች። ልብስ ሰፊዋ ስልኩን አንስታ ለነጋዴው «ተሸጧል፣ ሳይበተን» ስትለው ምን እንደመለሰላት አልሰማችም፤ ነርሷ መለዋወጫውን ጀርባዋ ላይ አዝላ መንገዱ ላይ ነበረችና ዓይኗ እዚያ ነበር።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ግን አልሄደም። በሩ ላይ ቆሞ ካቻቢቴውን ኪሱ ውስጥ ያገላብጣል።

«ምነው? የረሳኸው ነገር አለ?»

«አይ… እትዬ፣ እሱ የሠራው ሌላ ነገር ቤት ውስጥ አለ?»

አሰበች። የበሩ ደወል አለ፤ የስፌት መኪናዋ ሞተር አለ፤ በእግር የሚረገጠው የካውያው ማጥፊያ አለ። አንዳቸውንም ከፍታ አይታቸው አታውቅም።

«አለ» አለች። «እኔም ውስጡን ማየት እፈልጋለሁ። ግን ቀይ ቀይ እያልክ እንዳትነካብኝ።»

ሰውዬው ጫማውን ምንጣፉ ላይ ጠርጎ ተከትሏት ገባ።