መሳቢያ ውስጥ የቆየው ፖስታ

ባለፈው ሳምንት ምሳ እየበላን የልጄ ስልክ ላይ መልእክት ገባ። አየት አድርጎ፣ «መኪናዋን የሸጡልኝ ሰዎች ናቸው። ካምቢዮዋ ከፋብሪካው ጉድለት ስላለበት አምጣትና በነፃ እንጠግንልህ ይላሉ» አለና ወደ ሽሮው ተመለሰ። እኔ ግን የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት።

በደርግ ጊዜ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ለገበሬው ዘር የሚያከፋፍል አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ዕድሜዬ ሃያ ሁለት ነው። የገባውን ደብዳቤ ከፍቼ፣ መዝግቤ ለአለቃ አቀርባለሁ። «ጥብቅ ምስጢር» የሚል ቀይ ማኅተም ያለበትን ግን ከአለቃው በቀር ማንም አይከፍተውም። በዚያ ዘመን ደግሞ ምስጢር ያልሆነ ነገር አልነበረም። አንዴ ስለ መጥረጊያ ግዢ የተጻፈ ደብዳቤ በቀይ ማኅተም ታሽጎ መጥቶልን ስቀናል፤ በሆዳችን ነው ታዲያ።

የጭነት መኪናችን ሹፌር ጌታቸው እጮኛዬ ነበር። ሠርጋችን ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል። ከቆላ በተመለሰ ቁጥር ከአልዩ አምባ ሸንኮራ አገዳ ይዞልኝ ይመጣል። ሁዳዴም ቢሆን ሸንኮራ አልተከለከለ፤ ከሰዓት በኋላ እሱን እየመጠጥኩ እሠራለሁ።

መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ የበልጉ ዝናብ ጀማምሮ ሳለ፣ መጥቶ ጠረጴዛዬ ጥግ ላይ ቁጭ አለ። የአንኮበር ጭጋግ ካፖርቱን አርሶታል።

«ቁልቁለት ላይ ማርሹ በራሱ እየወጣ አስቸገረኝ» አለኝ። «ደብረ ሲና ያገኘኋቸው ሹፌሮች፣ እንዲህ ያሉትን መኪኖች አዲስ አበባ እየጠሩ ካምቢዮውን ይጠግናሉ አሉኝ። ለእኛ የመጣ ደብዳቤ የለም?»

መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አደረግሁ። «የለም። አንድ ጥብቅ ምስጢር ብቻ አለ፤ እሱም አለቃ ከሴሚናር እስኪመለሱ አይነካም።»

«ተይው፣ እንዳታሳስሪን!» ብሎ ሳቀ። «ካምቢዮ ደግሞ ምን ምስጢር አለው?»

እኔም ሳቅሁ። ፖስታው እሱ ከተቀመጠበት ሥር፣ መሳቢያው ውስጥ ነበር። ቁልፉ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ታዲያ አትሂዳ!» አልኩት።

«ቆላው አርሶ ዘር እየጠበቀ? ዝናቡ እኮ አይጠብቃቸውም። ቀስ ብዬ እወርዳለሁ።»

በማግስቱ የማሽላ ዘር ጭኖ ሄደ። በሦስተኛው ቀን አንድ የአልዩ አምባ ነጋዴ፣ ሽማግሌ ሰው፣ የጌታቸውን ካፖርት በክንዳቸው ይዘው ቢሮ ገቡ።

«ልጄ፣ ከጎረቤላ በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ መኪናው አልያዝ አለው» አሉኝ። «እኛ ከገበያ ስንመለስ መንገዱን ሞልተነዋል። በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ‹ወግዱ! ወግዱ!› እያለ ጮኸ። እኛ ወገድን፤ እሱ ገደል ገባ። ኢና ሊላሂ!»

አለቃ የተመለሱት ከሰልስቱ በኋላ ነው። ፖስታውን እፊቴ ቀደዱት። እንደ እኛው ያሉት መኪኖች ካምቢዮአቸው እስኪጠገን ድረስ ጭነው ቁልቁለት እንዳይወርዱ ይላል። ጌታቸው ሲጠይቀኝ ደብዳቤው ከደረሰ አምስት ቀን ሆኖት ነበር። አለቃም፣ «አይዞሽ፤ አንቺ ደንቡን ነው የጠበቅሽው» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነው። ከዚያ የከፋ ቃል እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ከዚያም ግርጌው ላይ «ከፋይሉ ጋር ይያያዝ» ብለው ጽፈው ለእኔው መሩት። አያያዝኩት።

«ቅዳሜ እወስዳታለሁ» አለ ልጄ ሳህኑን እየጠረገ።

«ዛሬ ይጎትቱልህ።»

«ኧረ እማዬ! ቀስ ብዬ እነዳታለሁ።»

የመኪናዋን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት። እርጅና ነው ብሎ ሳቀብኝ፤ ጌታቸው የሚባል ሰው እንደነበር አያውቅም። አባቱን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዘግይቼ ነው ያገባሁት። ያን ፖስታ ከፍቼው ቢሆን ኖሮ ይህ ልጅ አይወለድም ነበር እያልኩ ለመጽናናት ስንት ዓመት ሞከርኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ልጄን ፊት ለፊት እያየሁት እንኳ፣ እጄ ያን ፖስታ መክፈት ይፈልጋል።